እረኛው ይናገር

እንደምን አመሻችሁ ደሴዎች! ከኮምቦልቻ ሽቅብ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ጃኬት ሳትይዙ የወጣችሁ እንዳላችሁ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አብሽሩ፣ ቡናው እየፈላ ነው።

ስለ ወርሃዊው የተፈጥሮ ወጋችን፣ ስለ ዎርክሾፑና ስለ እሁድ የእግር ጉዟችን እንድናገር ተጠይቄ ነው የቆምኩት። ሪፖርት ግን አላቀርብም። ሪፖርት መሥሪያ ቤት እያለሁ ጠግቤዋለሁ። ይልቅ የተዋረድኩበትን ቀን ላጫውታችሁ።

አምና መስከረም ላይ ጦሳ ተራራ ወጣን። አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ባይኖኩላር፣ በእጄ የወፍ መጽሐፍ። ከገደሉ ሥር አንድ ትልቅ ወፍ ብቅ አለ። «ንስር!» አልኩ፣ በሙሉ ልብ። ሰዉም «ንስር» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። አጠገባችን በጎች ይዞ የቆመ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ግን ሳቁን ማፈን አቃተው። «ምነው?» ስለው፣ «ጋሼ፣ እሱኮ አጥንት ሰባሪው ነው» አለኝ። ከዚያ እጄን ይዞ ወደ አንድ ሰፊ አለት ወሰደኝ። አለቱ ላይ የተፈረካከሰ አጥንት ተበትኗል፤ ነጭ፣ ፀሐይ ያደረቀው፣ አንዱ የበግ ቅልጥም መሆኑ ያስታውቃል፣ ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ወፉ አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣና እዚያ አለት ላይ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረለት ወርዶ ያነሳና ይደግማል። ልጁ አራት ጊዜ ሲደጋግም ቆጥሯል።

መጽሐፌን ገለጥኩ። ልክ ነው። ጺማሙ ጥንብ አንሳ ነው፤ ምግቡ በአብዛኛው አጥንት፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ደረቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለም ደግሞ የተፈጥሮው አይደለም። ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለለ ራሱ የሚቀባው ነው። ይሄን ልጁ አያውቅም ነበር። ስነግረው አፉን ከፍቶ ቆየና «እንደ እንሶስላ?» አለኝ። አዎ፣ እንደ እንሶስላ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ሌላው ጥንብ አንሳ፣ ያ ነጣ ነጣ ያለ ጠቃጠቆ ላባ ያለው፣ በሳይንስ የሚጠራው በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በዞረው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ባለወፍራም ምንቃሩን ቁራችንንም እ.ኤ.አ. በ1836 ያስመዘገበው እሱ ነው። ሰውየውን አልወቅስም፤ ሠርቷል። ግን የኛ እረኛ የሚጠራበት ስም የታለ? ማንም አልጻፈውም። ኖኅ እንደላከው ቁራ፣ ወጥቶ ቀረ።

ስለዚህ ዘንድሮ አሠራራችንን እንቀይር ባይ ነኝ። እስካሁን አንድ ሰው በስላይድ አንድ ሰዓት ያወራል፣ ሌላው ያንቀላፋል (ራሴም ያንቀላፋሁበት ቀን አለ፣ ተናጋሪው ይቅር ይበለኝ)። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የሚናገረው ቦታውን የሚያውቀው ይሁን። መጽሐፍ የያዝነው ቀጥለን እንናገራለን፣ አንዱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይጽፋል።

ዎርክሾፑም እንደዚሁ። ያለፈው የጥድ ዎርክሾፕ የደመቀው ለምን ይመስላችኋል? አንዲት እናት ከዘንቢላቸው ሁለት ቅርንጫፍ አወጡና «ፍሬውን ጫኑት» አሉን። አንዱ ለስላሳ ነው፣ በጣት ይፈርጣል፤ የሐበሻ ጥድ። ሌላው እንደ እንጨት ደርቆ እምቢ አለ፤ የፈረንጅ ጥድ። አለቀ። ስንቱ የደሴ ሰው ግቢው ያለውን የፈረንጁን ይዞ «የአያቶቼ ጥድ» እያለ ነው መሰላችሁ!

ጉዞውን በተመለከተ ከሩቅ አንጀምርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሚኒባስ ውስጥ ስልካችሁን አስቀምጡና በመስኮት እዩ፤ ከላይ ጥዱና ወይራው፣ ከታች ግራሩ። አንድ ቁልቁለት ወርዳችሁ ሁለት አየር ታያላችሁ። ከዚያ የጎፍ ደን፣ በሌላ ወር ሐይቅ። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ዳር ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ወፍ ከከብቶቹ እግር ሥር ታገኛላችሁ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ነው የመጣችው፣ ሲበልግ ትመለሳለች። ከብት ጠባቂዎቹን ስሟን ጠይቁና ጻፉልኝ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ለውሻና ለጅብ ተብሎ መርዝ ይቀመጣል። ጅቡ ይሞታል፣ ጅቡን የበላው ጥንብ አንሳ ይከተላል። አንድ ጥምብ ላይ በብዛት ስለሚሰፍር በአንድ ቀን ስንቱ ያልቃል! የሩፔል የምንለው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከምድር ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግቧል። በዓለም ላይ በከፍታ በመብረር ይሄን የሚያህል ወፍ አልተመዘገበም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ፣ 11 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ፣ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው እሱ ነው። ያንን የሚያህል ፍጡር ለውሻ በተጣለ ሥጋ ይለቅ? ጎረቤታችሁ መርዝ ሲያስቀምጥ ካያችሁ በጊዜ ንገሩት፣ ጠብ ሳይሆን በወግ።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ፒያሳ እንገናኝ። ጠንከር ያለ ጫማ፣ ቆሎና ውሃ ያዙ። ልጁም ይመጣል፣ አባቱን አስፈቅጃለሁ፤ በጎቹን ለዚያን ቀን እህቱ ትጠብቃለች። ባይኖኩላር ያለን አንድ ብቻ ስለሆነ በየተራ ነው። መጀመሪያ ልጆች።