አምስተኛው ዙር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፤

ዛሬ ምሽት የተሰበሰብነው ለእህታችን የውጭ አገር የካንሰር ሕክምና ገንዘብ ለማዋጣት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዘጋጅ ኮሚቴው እንድናገር የጋበዘኝ «ያለፈችበት ስለሆነ ልምዷን ታካፍለን» በማለት ነው። ልምድ መባሉ ትንሽ ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ ለታናሽ ወንድሜ ስታዋጡ ማስታወቂያውን የጻፍኩት፣ ወጪውን ያሰላሁት፣ አስታማሚ ሆኜም አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በምወቅሰው ነገር የመጀመሪያዋ ተወቃሽ እኔው ስለሆንኩ፣ ድምፄ ጠንከር ቢል እናንተን ብቻ የምቆጣ እንዳይመስላችሁ።

ያን ምሽት የምትረሱት አይመስለኝም። ግባችን ብለን የለጠፍነውን ገንዘብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አልፈነው፣ ሰው እየተቃቀፈና እያለቀሰ ተለያየ። ያ ግብ ከየት እንደመጣ ግን ከአንድ ሰው በቀር የጠየቀ አልነበረም። እኔ ልንገራችሁ፦ የሁለት ሰው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆስፒታሉ ለመቀበል የሚጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ፤ በቃ። ጠያቂው ዛሬም ከፊት ወንበር የተቀመጡት ገንዘብ ያዣችን ነበሩ። «ከዚያ በኋላስ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ እሱ ይሂድ እንጂ ሌላው እዚያው ይታያል» አልኳቸው። ዛሬ ወረቀት ይዤ የቆምኩት ስለዚህች «ይሂድ እንጂ» ስለምትባል ቃል ልናገር ነው።

ወንድሜን የያዘው የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነበር። የታዘዘለት ሕክምና ስድስት ዙር ሲሆን ዙሮቹ በየ21 ቀኑ የሚሰጡ ናቸው። ሃያ አንዱ ቀን እንዲሁ የተቆረጠ ቀጠሮ አይደለም፤ መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ሲገድል ከካንሰሩ ጋር የአጥንት መቅኔውንም ስለሚጎዳ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ይወርዳሉ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ያገግማሉ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል፤ ቁጥሩ ካልተመለሰ ዙሩ ይገፋል። በመካከሉ የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ፣ ተኝቶም በደም ሥር መድኃኒት መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስድስት ጊዜ 21 ቀን 126 ቀን ነው፤ ያውም ምንም ካልተስተጓጎለ። ሕክምናው ሲያልቅ መሥራቱን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ የሚደረገው ሳምንታት ተጠብቆ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ያቀድኩት በአንድ ወር ኪራይ ነበር።

የአንዲት ቁራጭ ሰም ነገር አሁን ልንገራችሁ፤ ጥቂት ብትታገሡኝ፣ ከገንዘቡ ሲሶው የሄደው በእሷ ምክንያት ነውና። ከወንድሜ አንገት የተወሰደው ናሙና በላብራቶሪ ሰም ውስጥ ተነክሮ፣ በአንዲት ትንሽ ብሎክ ተቀምጦ ነበር። ከእሱ ላይ በስሱ እየተላጠ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ የካንሰሩ ዓይነትም ሆነ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚለየው ከዚያው ነው። እኛ ስንሄድ ሁለት ወፍራም ፋይል፣ አራት ሲዲ፣ በማኅተም ያሸበረቀ የትርጉም ወረቀት፣ የሹራብና የብርድ ልብስ ሻንጣ ተሸክመናል። ሐኪሟ ፋይሉን አንድ በአንድ ገልጣ ጨረሰችና ብሎኩ የታለ ብላ ጠየቀችን። ብሎኩ ናሙናው የተመረመረበት ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ ነበር። ማንም ውሰዱ አላለንም፤ እኛም መኖሩን አናውቅም። በሌላ ሰው ንባብ ላይ ተመሥርታ መርዝነት ያለው መድኃኒት እንደማትሰጥ ነገረችን፤ ልክም ነበረች። በፖስታ ይላክ ብንል ፈቃዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚነግረን ጠፋ። ስለዚህ ወንድሜ እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ተሰፋ፤ ውጤቱን ስንጠብቅ፣ ተጨማሪ ምርመራም ሲታዘዝ አሥራ ሰባት ቀን አለፈ። አሥራ ሰባት ቀን ኪራይ እየከፈልን፣ እየበላን፣ ታክሲ እየያዝን፣ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ሳይወስድ! ውጤቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ።

ሐኪሟ ያን ቀን ያለችኝን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ጽፋ ከሰጠችኝ በኋላ፣ እነዚህን አገራችሁ ማግኘት አትችሉም ነበር ወይ አለችኝ። መድኃኒቶቹ አምስት ናቸው፤ አራቱ ለአሥርት ዓመታት በየአገሩ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። አምስተኛው፣ ሪቱክሲማብ የሚባለው፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከጊዜ በኋላ በእሱ አምሳያ የተሠሩ ረከስ ያሉ መድኃኒቶች ወጥተዋል። ምናልባት ናሙናውን ብቻ ልከን አስነብበን፣ የጎደለውን አንዱን መድኃኒት ብቻ አስመጥተን፣ ስድስቱንም ዙር እናቱ አጠገብ በወሰደ ነበር። ምናልባት አይቻልም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቻል እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ አለመጠየቃችን ነው። የጠየቅነው የትኛው አገር ይሻላል ብለን ነው። ከዚህ ውስጥ እዚህ የማይገኘው የቱ ነው ብለን አይደለም።

ገንዘቡ በአራተኛው ዙር ላይ አለቀ።

ለሁለተኛ ጊዜ ጥሪ ስናቀርብ የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያው ሰው፣ ያው ሕመም፣ ያው ኮሚቴ ነበር፤ የመጣው ገንዘብ ግን የመጀመሪያውን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። «ስንት ጊዜ ይዋጣል?» ተባለ። «ያ ሁሉ ብር የት ገባ?» ተባለ። ከዚህ አዳራሽ ሰው መካከል፣ አሁንም እዚህ ተቀምጦ ይሰማኛል፣ ፀጉሩ የረገፈበትን ፎቶ ብትልኪ ሰው ያዝናል ብሎ የመከረኝም ነበር። ወንድሜ ያን መልእክት አይቶታል፤ ስልኩ በእሱ እጅ ነበርና። እስኪ እንጠያየቅ! በመጀመሪያው ምሽት በሁለት ሰዓት የሞላው ደረታችን፣ በአምስተኛው ዙር ቀን የት ሄዶ ነበር? በዕቅፍ አበባ ሸኝተነው በደረሰኝ ክርክር ነው የመለስነው። ለመሳፈሩ እጃችን ተዘረጋ፤ ለመታከሙ ተሰበሰበ። እርግጥ በገንዘቡ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየሳምንቱ ባሳውቃችሁ ኖሮ ጥያቄው ወቀሳ ባልሆነ ነበር፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልሸሸውም።

ሁለቱን ዙሮች ቢያገኝ ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ማንም ሐኪም አይምልም። የማውቀው ሳይሰጡት መቅረታቸውን ነው። ካንሰሩ ተመልሶ ሲመጣ ለሌላ ሕክምና የሚሆን አቅም በእኛም ዘንድ በእሱም ዘንድ አልነበረም።

ወደ እህታችን ልመለስ። ሐኪሞቿ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒ፣ ከዚያም ቀዶ ሕክምና፣ በመጨረሻም የጨረር ሕክምና አቅደውላታል። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከሕክምናው ዋጋ ባልተናነሰ የመኖሪያ ወጪው እንደሚከብድ ከወዲሁ ይታወቅ። ኮሚቴው በጥያቄዬ መሠረት የመጀመሪያዎቹ ዙሮች እዚሁ ሊጀመሩ ይችሉ እንደሆነ ሐኪሞቿን ጠይቆ፣ ይቻላል የሚል መልስ በጽሑፍ አግኝቷል። የሰሙ ብሎክም ከላብራቶሪው ወጥቷል፤ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ከውጭው ሆስፒታል የመጣውን የዋጋ ግምት በተመለከተ፣ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ያልተካተተው ምን እንደሆነ ተዘርዝሯልና ገንዘብ ያዣችን በንባብ ያሰሙናል። ክፍያው በሁለት ሰው ፊርማ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይሄዳል፤ የሚተርፍ ካለ ለምን እንደሚውል ዛሬ፣ ገና ሳይዋጣ፣ እንወስናለን። የእህታችን ፎቶ አይለጠፍም፤ ይህን የጠየቀችው ራሷ ናት።

በር ላይ የምታገኙት ቅጽ ከተለመደው ይለያል። ስምና የገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ቀን አለው፤ እያንዳንዱ ዙር፣ ቀዶ ሕክምናው፣ እያንዳንዱ የጨረር ሳምንት ለየብቻው መስመር ተሰጥቶታል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሁላችንም ብንጻፍ ያው የቀድሞው ምሽት ይሆናልና፣ እባካችሁ ወደ ታች ወረድ ብላችሁ ባዶውን መስመር ፈልጉ። የአምስተኛው ዙር መስመር ግን ተይዟል፤ ዛሬ ቀን ላይ ከእናቴ ጋር መጥተን ፈርመንበታል።