ስልኩ ተደፍቶ የሚታይ ቪዲዮ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ፖድካስቱ ላይ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ ጄኔሬተር ከሰማችሁ የጎረቤት ነው። መብራት ሄዷል፤ የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ እናውራ።

የምማረው ጋዜጠኝነት ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር አንድ አሳይመንት ተሰጠን። የቤተሰባችሁን የሚዲያ አጠቃቀም መዝግቡ የሚል። ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ አየ፣ አዳመጠ፣ አነበበ። ማን፣ ምን፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ አንዱ ሳጥን ላይ ራይት ማድረግ ነው። በቃ።

አክስቴ ጋ ስደርስ ግን ተያዝኩ። አክስቴ ከሥራ ገብታ ልብሷን ከቀየረች በኋላ ዩቲዩብ ትከፍታለች። ስልኩን ሽንኩርት የምትከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስታስቀምጠው ታዲያ ደፍታ ነው። ስክሪኑ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ላይ። ዘይት እንዳይረጭበት ነው። ስክሪኑን እንዳታጠፋው ደግሞ ካልተከፈለበት ዩቲዩቡ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ እንደበራ፣ እንደተደፋ ይሠራል። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ከባሏ ጋር ተጣልታ ስለወጣች ሴት ሲተርክ፣ ወጡ በስሎ እንጀራው ይቀርባል። አንድ ቀን ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ ላጠፋው ስል፣ "ኧረ አንቺ ልጅ ተይ፣ እያየሁት እኮ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ።

እና የቱ ሳጥን ላይ ራይት ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ስከታተል፣ ነገሩ የአክስቴ ብቻ አይደለም። ሰፈራችን ያለው ፀጉር ቤት ቲቪው ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ የቱርክ ድራማ። ደንበኞቹ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መስታወት ነው የሚያዩት። ሠራተኞቹም ዓይናቸው ፀጉር ላይ ነው። ግን ማን ማንን እንደከዳ ሁሉም ያውቃል። ካስክ ውስጥ የገባችው ሴትዮ ብቻ ናት ስክሪኑን የምታየው፤ እሷ ደግሞ አይሰማትም።

ዶርም ስሄድም ያው ነው። ክፍል የምንጋራት ልጅ የቲክቶክ ላይቭ ከፍታ ትራስ ስር ታደርገዋለች። ሁለት ሰዎች ባትል ገጥመው ጊፍት አምጡ፣ ነካ ነካ አድርጉ እያሉ ሲጯጯሁ እሷ እንቅልፍ ይወስዳታል። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ የጊቢ ተማሪ በሙሉ ኑሮው ሌሊት ነው። የኔትፍሊክስ አለቃ የነበረው ሪድ ሄስቲንግስ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፎካካሪያችን እንቅልፍ ነው የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። የኛ ዶርም ልጆች ሁለቱን አስታርቀዋቸዋል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ስለ ዘመኑ መዝናኛ ሲወራ ሁልጊዜ ስክሪን፣ ስክሪን ይባላል። ሰው ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ቀረ ይባላል። እኔ ግን በዙሪያዬ የማየው ሰው ስክሪን ገዛ እንጂ ሬዲዮ መስማቱን አልተወም። ስልኩም ቲቪውም ብዙ ጊዜ ሬዲዮ ነው።

ይሄ ደግሞ ዛሬ የመጣ ጠባይ አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ግን ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። ስንቱ ነው አንብቦት፣ ስንቱ ነው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ የሚያውቀው? መጽሐፉ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ፤ አባቴ ግን ገልጦት አያውቅም። ጉዱ ካሣ ምን አለ ብትሉት ግን በወጋየሁ ድምፅ አስመስሎ ይነግራችኋል። ፊታውራሪ መሸሻንም እንደዚያው።

ቴሌቪዥኑስ ቢሆን? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አብረው የጀመሩት አባባ ተስፋዬ ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ሲተርኩ ኖሩ። አስቡት፤ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ታሪክ በጣም ከተወደዱት ፕሮግራሞች አንዱ አንድ አባት ተቀምጠው ተረት የሚነግሩበት ነው። ሥዕሉን አንስታችሁ ድምፁን ብቻ ብትተዉት ብዙ አይጎድልበትም። (እጃቸውን ዘርግተው "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉ ማየት የሚናፍቃቸው እንዳሉ አውቃለሁ። አትቆጡኝ።)

ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የሆነውን ደግሞ የኔ ዕድሜ ልጆች ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት በዲሽ የምናየው ኤምቢሲ ቱ ነበር። እንግሊዝኛ ፊልም፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ። እናቶቻችን ከሁለቱም የሉበትም። ካና የውጭውን ድራማ በአማርኛ ድምፅ አስገባው። የአገር ውስጥ አርቲስቶች እንጀራችንን ሊዘጋ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ስጋታቸው መሬት ላይ ያለ ስጋት ነበር። ባህል ተበረዘ የሚልም ብዙ ተባለ። ስለ ጆሮው ግን ያወራ ብዙ ሰው አልሰማሁም። አማርኛ ስላወራ እናቴ ቡና እየቆላች መከታተል ቻለች። ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ቡናውን ማሳረር ነበረባት።

ትርጉም ፊልምም አለላችሁ። የክፍለ ሀገር አውቶብስ ተሳፍሮ የማያውቀው የለም። አንድ ሰው ብቻውን ጀግናውንም፣ ሽፍታውንም፣ ሴቷንም ሆኖ ያወራል። መሀል ላይ የራሱን ቀልድ ይጨምራል። የሆሊውዱ ፖሊስ የመርካቶ ልጅ ይሆናል። ጋቢና አካባቢ ያለችው ትንሽዬ ስክሪን ከኋላ ወንበር አትታይም፤ ግን ኋላ ያለው ሁሉ ይስቃል። እኔ በበኩሌ ይሄን ሰውዬ አከብረዋለሁ። የሚጨምረው ነገር አለው።

የማልወደውን ልንገራችሁ? ፊልም በአጭሩ የሚባለውን። የሁለት ሰዓት ፊልም በ15 ደቂቃ ተርኮ መጨረስ። "ይህ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ራሱን ጫካ ውስጥ ያገኘዋል፤ ይህች ልጅ ደግሞ…" እያለ ይቀጥላል። ስም እንኳ የላቸውም፤ ይህ ሰው እና ይህች ልጅ ናቸው። ወጋየሁ ሲተርክ ዝምታውን ሳይቀር ያነብላችሁ ነበር። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ዝምታው ነው። ተዋናዩ መስኮት ላይ ቆሞ ምንም ሳይናገር የሚቆይባት ደቂቃ፣ ፊልም የተባለው ነገር ያለባት ደቂቃ፣ እሷ ትወጣለች። የሚቀረው ማን ሞተ፣ ማን ገደለ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ፊልም ስናወራ ግማሹ ልጅ "አይቼዋለሁ" ይላል። ያየው ግን ያንን ነው።

ለምን ወደ ጆሮ አጋደልን? ልማድ ብቻ አይደለም። ሒሳብም አለው። አንድ ሰዓት ቪዲዮ ጥራቱን 720 ላይ አድርጋችሁ ካያችሁት ወደ አንድ ጊጋ ሊጠጋ ይችላል። 144 ላይ ካወረዳችሁት 100 ሜጋ አካባቢ ይበቃዋል። 144 ላይ የሰው ፊት ጭጋግ ነው፤ ዓይንና አፍንጫው አይለይም። ድምፁ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ስለዚህ ኪሱ ያልሞላ ሰው መጀመሪያ የሚሸጠው ሥዕሉን ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ የተዘጋ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ሁላችንም በቪፒኤን ስንገባ ኔቱ ይጎተት ስለነበር ጥራቱን ወደ ታች አውርደን ቀረን። ብዙ ሰው ከዚያ ወዲህ መልሶ ከፍ ያደረገውም አይመስለኝም።

ሌላው የዩቲዩብ የራሱ አሠራር ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለሰው ቪዲዮ ሲመርጥ ስንት ሰው ተጫነው ከሚለው ይልቅ ስንት ደቂቃ ቆየ የሚለውን ማስበለጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መሀል ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ቪዲዮው ስምንት ደቂቃ ከሆነ ይበቃል አለ፤ በፊት አሥር ነበር። እንግዲህ ሽንኩርት እየከተፈ፣ ልብስ እያጠበ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይነካው የሚያስኬድ እንደ አክስቴ ያለ ሰው ለዚህ አሠራር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወርቅ ናት! ማሽኑ ስልኩ መደፋቱን አያውቅም። አክስቴ ለእሱ ከማንም በላይ የምታይ ተመልካች ናት። ማስታወቂያ ያስነገረው ድርጅትም ለጠረጴዛ ጨርቅ ለታየ ማስታወቂያ ይከፍላል።

ሠሪዎቹ ይሄን ደርሰውበታል። አማርኛ ዩቲዩብ ላይ ከፊት ያለው ፎቶ ቀይ ቀስት፣ የሚያለቅስ ፊት፣ "ጉድ ፈላ" ነው፤ ያ ለዓይን ነው፣ እስክትጫኑት ድረስ። ውስጥ ስትገቡ አራት አምስት ፎቶ እየተመላለሰ አንድ ሰው ይተርካል። በቅርቡ ደግሞ ተራኪውም ሰው መሆኑ እየቀረ ነው። ሰው ሠራሽ ድምፅ ያነበዋል፤ የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል፤ ለቅሶ ቤቱንም ሠርግ ቤቱንም በአንድ ዜማ ይወጣዋል።

አረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን ሳላነሳ ካለፍኩ ይሄ ነገር ግማሽ ይሆናል። ማንኛውም የአማርኛ ትረካ ሥር ያለውን አስተያየት አንብቡ፦ ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ። የአጎቴ ልጅ ቤሩት ናት። ኢርፎኑን በሻሽዋ ስር አንዱ ጆሮዋ ላይ ብቻ ታደርጋለች። ሌላኛው ጆሮ የማዳም ነው፤ ስትጠራት እንድትሰማ። ልብስ ስትተኩስ፣ መስኮት ስታጸዳ በአማርኛ የሚያወራት ሰው አለ። እሷ ዓይኗን ለማንም ልትሰጥ አትችልም፤ ዓይኗ የተቀጠረ ነው። እና ሰዎች እነዚህን ረጃጅም ትረካዎች ሲንቁ፣ "ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው ይሄን የሚያየው" ሲሉ ስሰማ ደስ አይለኝም። ሥራ ፈት አይደለም የሚሰማው። ሥራ የበዛበት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ባትሪው 20 ፐርሰንት ይላል።

ሬዲዮ አንድ ነገር ያውቅ ነበር። የሚሰማው ሰው እንደማያየው ያውቅ ነበር። ስለዚህ በየመሀሉ ማንነቱን ይናገራል። ታክሲ ውስጥ መሀል ላይ ብትገቡ እንኳ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ነው፣ ፋና 98.1 ነው የሚለውን ትሰማላችሁ። የዩቲዩብ ሠሪ ግን ስሙን የሚጽፈው ሥዕሉ ጥግ ላይ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቷል። አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይከፈታል። አክስቴ ስትጀምር ዜና ቤት ነበረች፤ ሽንኩርቱ ሲቁላላ አንድ የማይታወቅ ሰው ቤት ገብታለች። ሁለቱም ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ ሁለቱም "እንደደረሰን መረጃ ከሆነ" ይላሉ። እሷ መለወጡን በምን ትወቅ?

ከዚያ ቡና ላይ ይመጣል። "እንዲህ ሆነ አሉ።" ማን ነው ያለው? "ዩቲዩብ ላይ ነው የሰማሁት።" ዩቲዩብ ላይ ማን? "አንድ ሰውዬ።" እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ሐሰተኛ መረጃ ስንማር ሁሌ የሚነገረን ፎቶውን አጣሩ፣ ሎጎውን እዩ፣ ሊንኩን ተመልከቱ ነው። ሁሉም ለሚያይ ሰው የተሰጠ ምክር ነው። እጁ ሊጥ ውስጥ ላለ ሰው የተሰጠ አንድም ምክር አላገኘሁም።

ስለዚህ እኔ በየአሥር ደቂቃው ስሜንና የፖድካስቱን ስም መናገር ጀምሬያለሁ፤ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ይሄን የሚያቀናብርልኝ የክፍሌ ልጅ በጣም ተቃውሞኛል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ግራፉን አሳየኝ፤ ሰው እስከ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚያሳየውን። ስሜን የተናገርኩበት ቦታ ላይ መስመሩ ወረድ ይላል። ሰው ማስታወቂያ መጣ ብሎ ይወጣል ማለት ነው። "ራስሽ ነሽ እኮ የምታባርሪያቸው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ መስመሩ ይወርዳል። እኔ ደግሞ የወጡት የሚያዩት ናቸው፣ እጃቸው ነጻ ስለሆነ ነው የተጫኑት፣ ሥራ ላይ ያሉት አልወጡም አልኩት። አላመነኝም። በምን አወቅሽ አለኝ።

የሚቀጥለው ክፍል ላይ ስሜን ካልሰማችሁ እሱ ቆርጦት ነው ማለት ነው፤ ጻፉልኝ፣ እጠይቀዋለሁ። በሉ፣ 11 ፐርሰንት ደርሷል። ቻው።