ከልባሱ ሥር ያለው ላሜራ፦ ስለ ፒክአፕ ካሶኒ መከላከያ አመራረጥ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የፒክአፕ ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና የሙያ ባልደረቦቼ፤

ንግግሬን በእጄ በያዝኩት በዚህ ቁራጭ ላሜራ ልጀምር። ከአንድ ፒክአፕ ካሶኒ ወለል ላይ እኔው ቆርጬ ያወጣሁት ነው። መኪናው ከተገዛበት ሳምንት ጀምሮ ላይነር የሚባል የፕላስቲክ ልባስ ለብሶ የኖረ ስለነበር፣ ባለቤቱ ካሶኒው አንድም ጭረት እንዳላረፈበት በኩራት ነግሮኝ ነበር፤ እውነቱንም ነው፣ ከጭነት የመጣ ጭረት አላገኘሁበትም። ይሁን እንጂ ወደ መብራቱ ከፍ ሳደርገው እንደምታዩት፣ ላሜራው እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። የበላው ድንጋይ ወይም ብረት ሳይሆን፣ በእሱና ሊጠብቀው በተቀመጠው ልባስ መካከል ተኝቶ የከረመ ውሃ ነው።

ስለ ካሶኒ መከላከያ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ከላይ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ምን ይወድቅበታል፣ ምን ይጎተትበታል፣ ምን ይፈስበታል ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። በባቲላሜራ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን፣ አንድ ልባስ ከመመረጡ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ ከልባሱ ሥር ምን ይሆናል፣ የሚሆነውንስ ማየት እችላለሁ ወይ የሚለው መሆኑን ነው።

የካሶኒ ወለል ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ብረት ነው። በላዩ ላይ መሠረት ቀለም፣ ዋናው ቀለምና ማንጸባረቂያው ተደራርበው ቢለኩ በአንድነት ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፤ ይህም ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። በርካታ ካሶኒዎች ከቀለሙ ሥር የዚንክ ሽፋን አላቸው፤ ዚንኩ ግን ብረቱን የሚጠብቀው ራሱ ቀድሞ እየተበላ ስለሆነ፣ እርጥበት በማይለቀው ቦታ ላይ ዕድሜው ያጥራል። ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ በዙሪያው ያለውን ቀለም እያነሳ፣ ባነሳውም ሥር አዲስ ውሃ እያስገባ ይስፋፋል። ክፍት ካሶኒ ላይ ያለ ጭረት ዝናብ ቢመታው ነፋስና ፀሐይ ቶሎ ያደርቁታል። ያው ጭረት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ከሆነ ግን ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ በውስጡ ጨው ወይም ማዳበሪያ የነካው አቧራ ካለማ ጉዳዩ ይፋጠናል።

እንግዲህ ከዚህ ተነስተን በገበያ ላይ ያሉትን ዓይነቶች እንመልከት።

በመጀመሪያ የማነሳው፣ ተቀርጾ የተሠራውንና እንዳለ ካሶኒው ውስጥ የሚቀመጠውን ፕላስቲክ ላይነር ነው። በአብዛኛው የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ሲሆን፣ የሚመታውን በመቋቋም ረገድ ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ወለሉ ላይ ያሉት ሽንሽኖች የሚወድቀውን ዕቃ ጉልበት ስለሚበትኑ፣ ድንጋይ፣ ብሎኬትና ቁርጥራጭ ብረት ለሚጭን ሰው ላሜራውን ከመጎድጎድ ጭምር ያድነዋል። አሲድና ጨው አይነካውም፤ ሲሰበር በሌላ ይተካል፤ መኪናው ሲሸጥ ይነሳል። ይህን የምለው ቁራጩን ላሜራ አይታችሁ ዓይነቱን ፈጽሞ እንዳትጠሉት ነው።

ችግሩ ፕላስቲኩና ብረቱ አብረው የማይንቀሳቀሱ መሆናቸው ላይ ነው። ፖሊኤቲሊን በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት በአሥር እጥፍ ገደማ ነው። ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ላይነር፣ ከሌሊት ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ቢያገኘው ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህ ላይ የመንገዱን ንዝረት ጨምሩበት። በሁለቱ መካከል የገባው አሸዋ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ቀስ እያለ ይፍቀዋል፤ ቀለሙ ባለቀበት ደግሞ ውሃው አስቀድሞ ተኝቶ ይጠብቃል። አንዳንድ ገጣሚዎች ላይነሩ እንዳይንቀሳቀስ ብለው የስፖንዳውን ላሜራ በመሰርሰሪያ ይበሱና በብሎን ያስሩታል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ጠርዙ ባዶ ብረት ስለሆነ፣ ቀዳዳው የግድ ከሆነ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ጠርዙ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት አለበት። እኔ በበኩሌ ሳይበሱ በማያያዣ ወይም በራሱ ቅርጽ የሚይዘውን እመርጣለሁ።

ይህን ዓይነት የሚመርጥ ሰው ታዲያ ከላይነሩ ጋር አንድ ግዴታም አብሮ ይገዛል፤ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ አንስቶ ከሥሩ ማጠብ፣ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን መክፈት፣ ሙሉ በሙሉ ማድረቅና የተፋቀውን ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ይህን እንደማያደርግ ራሱን የሚያውቅ ሰው ሌላ ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ከዝገት ይልቅ ሕይወትን የሚመለከት አንድ ነገር ላንሳ። ፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ኃይል አያስተላልፍም። ላይነር በለበሰ ካሶኒ ውስጥ የተቀመጠ ጀሪካን ውስጥ ቤንዚን ሲቀዳ፣ በፍሰቱ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙላት ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለማያገኝ ተጠራቅሞ ብልጭታ ሊፈጥርና የቤንዚኑን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል። በተለይ ጀሪካኑ ከብረት የተሠራ ሲሆን አደጋው ይብሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጀሪካኑ ከካሶኒው ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ የመቅጃው አፍም ከጀሪካኑ አፍ ጋር ተነካክቶ ይቆይ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የሚረጨው ልባስ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝም ስለዚህ ነው። ልባሱ ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊዩሪያ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት፣ አንዳንዴም የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ሁለት ፈሳሾች በመርጫው አፍ ላይ ተገናኝተው ላሜራው ላይ ሲያርፉ ይጠነክራሉ። ፖሊዩሪያ ለመያዝ የሚፈጅበት ጊዜ በሴኮንዶች የሚቆጠር በመሆኑ ሠራተኛው የሚያርምበት ፋታ የለውም። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ልባሱ ከላሜራው ጋር አንድ አካል ሆኖ ስለሚጣበቅ በመካከል ውሃ የሚተኛበት ክፍተት አይኖርም። በመጀመሪያ ላነሳሁት ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያለው ይህ ነው።

ነገር ግን መልሱ ሁሉ የተንጠለጠለው «በደንብ የተሠራ እንደሆነ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። የሚረጨው ፈሳሽ ጥሩ መሆኑ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም፤ ትልቁ ሥራ ከመርጨቱ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። የቀለሙ ማንጸባረቂያ በየማዕዘኑና በየሽንሽኑ ሸለቆ በብርጭቆ ወረቀት መሻከር፣ ቅባትና ሰም ታጥቦ መውጣት፣ ካሶኒውም ፍጹም መድረቅ ይኖርበታል። ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ተፍቆ መሠረት ቀለም ይቀባል። ዝገት ላይ የተረጨ ልባስ ለጥቂት ጊዜ ያምራል፤ ከዚያ ግን ከሥሩ ያለው ብረት ሲበላ አታዩትም። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሠራ አንድ ጋራዥ አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፤ ልባሱን እኔ ስነቅለው የዛገው ላሜራ እንደ ቅርፊት አብሮ ተነስቷል።

ውፍረትን በተመለከተ፣ ለወለሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል የሚመከር ሲሆን ለጎን ስፖንዳዎች ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ክብደቱ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የካሶኒው የውስጥ ገጽ በጠቅላላው 5 ካሬ ሜትር ቢሆንና ሁሉም በ3 ሚሊሜትር ቢሸፈን 15 ሊትር ልባስ ይሆናል፤ ያም ወደ 16 ኪሎግራም ይጠጋል። ስለዚህ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። ውፍረቱ ጭረትን በአብዛኛው ይከላከላል፤ ጉድጓድን ግን አይከላከልም። ሹል ድንጋይ ከከፍታ ቢወድቅበት ልባሱ ሳይቀደድ ከሥሩ ያለው ላሜራ ሊጎደጉድ ይችላል፤ በዚህ ረገድ የማሞግሰው ያንኑ ቅድም የወቀስኩትን ፕላስቲክ ነው።

ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። ከሚረጩት ልባሶች ብዙዎቹ ኬሚካላዊ ባሕርያቸው አሮማቲክ የሚባለው ስለሆነ በፀሐይ ጨረር ይደበዝዛሉ፤ ጥቁሩ ወደ አመድማነት ይሄዳል፤ ገጹም እንደ ጠመኔ ዱቄት ያወጣል። አሊፋቲክ የሚባሉት ቀለማቸውን ይጠብቃሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። መካከለኛው መንገድ በአሮማቲኩ ላይ ፀሐይ የሚቋቋም ስስ ሽፋን መጨመር ነው። መደብዘዙ በአብዛኛው የገጽታ ጉዳይ በመሆኑ፣ ለሥራ መኪና ተጨማሪ ገንዘብ አውጡ ብዬ አልመክርም፤ ልባሱ ከመኪናው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ቃል ልጨምር። እነዚህ ፈሳሾች አይሶሳያኔት የሚባል ውህድ አላቸው፤ በሚረጭበት ጊዜ የተነፈሰው ሰው አስም ሊይዘው ይችላል፤ ሰውነቱ አንድ ጊዜ ከተቆጣ በኋላ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃዋል። አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን ምንም አይጠቅምም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያስገባ ጭንብል ያስፈልጋል። ደንበኞችም ይህን ስታዩ ስለ ጋራዡ ብዙ ትማራላችሁ፤ ለሠራተኛው ሳንባ የማይጨነቅ ቤት ለካሶኒያችሁ ማዕዘን ይጨነቃል ብዬ አላምንም።

በሮለር ወይም በብሩሽ ስለሚቀባው ልባስ አላስረዝምም። ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ዝግጅቱ ከሚረጨው ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተደርቦ እንኳ ከሚረጨው በእጅጉ የሳሳ ነው። ቀላል ጭነት ለሚጭን ሰውና ጥቂት ተፍቆ ለነበረ አሮጌ ካሶኒ ይበቃል። ለድንጋይ ግን አይሆንም።

የጎማ ምንጣፉ ግን ሊነገርለት የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ወለሉን ብቻ ይሸፍናል፤ ጎኖቹን አይነካም። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ከሆነ እስከ 25 ኪሎግራም አካባቢ ይመዝናልና ሁለት ሰው ያነሳዋል። ጭነት አያንሸራትትም፤ በፕላስቲክ ላይነር ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደፊት የሚሮጠው ሳጥን እዚህ ባለበት ይቀመጣል። ተንበርክኮ የሚሠራ ሰው ጉልበቱን አይላጥም፤ የተረጨ ልባስ ግን ሻካራ ስለሆነ ጉልበትንም መጥረጊያንም ይፈትናል። ከሁሉ በላይ፣ ጎማው በአንድ እጅ ጥግ ተይዞ ሊገለጥና ከሥሩ ሊታይ ይችላል። የግል ምርጫዬን ለሚጠይቀኝ፣ በአግባቡ የተረጨ ልባስ ላይ የሚነሳ የጎማ ምንጣፍ መደረብ ነው እላለሁ፤ የመጀመሪያው ውሃውን ይከላከላል፤ ሁለተኛው የሚወድቀውን ይቀበላል። ምንጣፍ መሰሉ የጨርቅ ዓይነት ለዕቃ ምቹ ቢሆንም፣ አሸዋና ጭቃ ለሚጭን ሰው አይመከርም።

ካሶኒያችሁ ከብረት ካልሆነ ሒሳቡ በከፊል ይለወጣል። ፎርድ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የኤፍ-150ን አካልና ካሶኒ ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ የቶዮታ ታኮማና የሆንዳ ሪጅላይን ደግሞ ካሶኒያቸው ከፋይበር ጋር ከተዋሃደ ፕላስቲክ የተሠራባቸው ሞዴሎች አሏቸው። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ በሹል ነገር ግን ይጎዳል፤ የብረት ብሎን በውሃ ውስጥ ሲነካውም ይበላል። ስለዚህ እዚያ ላይ የምንፈራው ከሥር ያለውን እርጥበት ሳይሆን ከላይ የሚወድቀውንና የተሳሳተውን ብሎን ነው።

በመጨረሻ ወደ ዋስትና ልምጣ። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ የማን ዕድሜ እንደሆነ አንብቡ። በተለምዶ ዋስትናው የሚሸፍነው ልባሱን ነው፤ እንዳይሰነጠቅ፣ እንዳይላጥ። ከሥሩ ያለውን ላሜራ የሚሸፍን ካጋጠማችሁ ያልተለመደ ነውና በጽሑፍ ያዙት። ዛሬ ያሳየኋችሁ ላሜራ ባለቤት ላይነር እስካሁን እንከን የለበትም፤ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ዋስትናውን ቢጠይቅ ኖሮም የሚከፈለው ነገር አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጮች አሉ፤ አንዱ በአግባቡ ተሻክሮ የተረጨ፣ አንዱ ማንጸባረቂያው ሳይሻከር የተረጨ፣ አንዱ ደግሞ ዝገት ላይ የተረጨ። ከላይ ሲታዩ አይለያዩም። እባካችሁ ቀርባችሁ ጠርዛቸውን በጥፍራችሁ ለማንሳት ሞክሩ፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።