ሳቁን ማቀበል
በሐዋሳ ለወጣት ኮሜዲያን የተደረገ ንግግር

ዳኤ ቡሹ! ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሐዋሳ ቀልደኞች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሬይ ሮማኖ ነው። የኒውዮርክ፣ የኩዊንስ ልጅ ነው። ቀን ፍራሽ እያመላለሰ፣ ማታ በየክለቡ ስታንድ አፕ፣ ማለትም ብቻውን ማይክ ይዞ የመድረክ ቀልድ፣ ይሠራ ነበር። አንድ ሲትኮም፣ ማለትም ተከታታይ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ፣ ላይ ተመርጦ ልምምድ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ አሰናበቱት። እ.ኤ.አ. በ1995 በዴቪድ ሌተርማን የምሽት ሾው ላይ ሲቀልድ ግን የሌተርማን ኩባንያ ወደደውና ከራሱ ኑሮ የሚቀዳ ሲትኮም እንዲሠራ አዋዋለው። «ኤቭሪባዲ ላቭስ ሬይመንድ» ከ1996 እስከ 2005 በ210 ክፍሎች ታየ።

ታዲያ ምን ነበረበት? ሚስት፣ መንታ ልጆች፣ ሳይጠሩ የሚመጡ እናትና አባት፣ ፖሊስ ወንድም። የሮማኖ የገዛ ወንድምም ፖሊስ ነበር፤ የድራማው ስም ራሱ ወንድሙ በአሽሙር ጣል ካደረገው የተገኘ ነው።

እኛስ? እዚሁ ሐዋሳ አድገን መድረክ ስንወጣ ስለ አዲስ አበባው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ እንቀልዳለን። ኧረ በፈጠራችሁ! አሞራ ገደል የአሣ ገበያ ላይ አሣውን በእጁ እንደያዘ ከአባ ኮዳ ጋር የሚፋጠጥ እንግዳ እያለ? ለእናቱ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡናውን የሚጠጣ ጎረምሳ እያለ?

ከራስ ኑሮ መቅዳቱ ቀላሉ ነው። ስታንድ አፕ ላይ ሳቁም ዝምታውም የብቻችሁ ነው፤ ሲትኮም ግን እንደ ኳስ ማቀበል ይፈልጋል። የሮማኖ ድራማ የሚቀረጸው ተመልካች ፊት ነበር። እናቱን የምትሠራው ዶሪስ ሮበርትስ አንዲት ነገር ወርወር ታደርጋለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ፊቱን ብቻ ጨምደድ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሳቁ ጋብ ሲል ነው የሚመልሰው። በዚህ ድራማ ዶሪስ 4 ጊዜ ኤሚን፣ የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ወሰደች። ወንድሙን የሠራው ብራድ ጋሬት 3፣ ሚስቱን የሠራችው ፓትሪሺያ ሂተን 2። ሮማኖ በትወና ያገኘው 1 ብቻ ነው፤ ያውም ድራማው በስሙ ተሰይሞ! ለእኔ ትልቁ ችሎታው እዚህ ላይ ነው።

በእኛም አገር ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይኼንኑ አሳይተውናል። አንዱ ያመቻቻል፣ ሌላው ያፈነዳል።

ደግሞ ሲትኮም ሲመጣ ማይኩን እንዳትጥሉት። ሮማኖ ያ ሁሉ ዝና ካለፈ በኋላ ኒውዮርክ ወዳለችው ጠባብ ክለብ፣ ኮሜዲ ሴላር፣ ተመልሶ በ2019 የወጣውን ስታንድ አፑን ቀርጿል።

ዛሬ ማታ ጥንድ ሆናችሁ የምትወጡ አላችሁ። ጓደኛችሁ ሲያስቅ እናንተ ምን እንደምትሆኑ ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ አያለሁ። አመሰግናለሁ፤ መድረኩ የእናንተ ነው።