መሬት ተንቀጥቅጦ ቤት ሲነቃነቅ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነበራችሁ?

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ?

እዚህ ስድስት ኪሎ ግቢ ስትገቡ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ያለውን ደረጃ አይታችሁታል። ወጥተው ወጥተው የትም የማይደርሱበት ደረጃ። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት። ከድል በኋላ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። እኛ ተማሪ ሳለን ፎቶ መነሻችን ነበር። ታሪኩን ማን ጠይቆ!

ቤተ መንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ሥዕሉ እዚያ ይጠበቃል። ቁልቁል አራት ኪሎ ደግሞ፣ በ1950 ዓ.ም ግድም፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ግዋን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግበውን የጂኦፊዚክስ መመልከቻ አቋቋሙ። አንዱ ቤት ወረቀት ይጠብቃል፣ ሌላው የመሬትን ትርታ ይቆጥራል። ብዙዎቻችን አይገናኙም ብለን ነው የተመረቅነው።

ግን ይገናኛሉ። መሣሪያ የሚያውቀው ከተተከለ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። የ1953ቱን የካራቆሬ (ሰሜን ሸዋ) መንቀጥቀጥ፣ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰውን፣ መዝግቦታል። በ1898 ዓ.ም ነሐሴ አዲስ አበባን የነቀነቀውንስ? ከዚያ በፊት ያሉትንስ? ግዋን እነዚህን ያገኟቸው ዜና መዋዕልና የመንገደኞች ማስታወሻ አገላብጠው ነው። የጸሐፊው ቀለም ባይኖር የሳይንሱ ታሪክ አጭር ነበር።

በ2017 ዓ.ም ፈንታሌ በኩል መሬት ሲናወጥ እኔ አራተኛ ፎቅ ነበርኩ። መብራቱ ተወዛወዘ። ደረጃው ላይ ጎረቤቴን አገኘሁት፤ ጋቢ ደርቧል፣ በእጁ የቴሌቪዥን ሪሞት ይዟል። እስከ ታች አልለቀቀውም። ዛሬ ስንት ሰዓት እንደነበር ብትጠይቁን አንስማማም። ሁለታችንም ዲግሪ አለን፤ አንዳችንም አልጻፍንም።

ስለዚህ ዘንድሮ ከናንተ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም (እሱን ገንዘብ ያዣችን ይጠይቃችኋል)። በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ወረቀት ውሰዱ። ሰፈራችሁን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደነበራችሁ፣ ምን እንደወደቀ ጻፉ። የአያት የቅድመ አያት ደብዳቤ ቤት ውስጥ ካለ፣ መሬት ተንቀጠቀጠ የሚል መስመር እንዳለው እዩልን። ዋናው እናንተ ጋ ይቅር፣ ፎቶ አንስተን ለሁለቱም ቤቶች እናደርሳለን።

ጉባኤው ተከፍቷል። አሁን የሒሳብ ሪፖርቱን እንሰማለን፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ነው።