ከቲሸርቱ በፊት ቆርቆሮው

(በባሕር ዳር ለአንድ ሰፈር እድር አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባቶችና እናቶች፣ የሰፈራችን ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ሊቀመንበሩ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የፈቀዱልኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የአቅመ ደካሞችን ቤት ከክረምት በፊት ለመጠገን ገንዘብ ያስፈልገናል። ገንዘቡን በሳይክል ጉዞ እንሰብስብ ነው የምንለው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክል መንዳት የማይችል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ውድድር አይደለም፤ ቀድሞ የገባ ምንም አያገኝም። እያንዳንዱ ነጂ ከዘመድና ከጓደኛ «በዙር ይህን ያህል እሰጣለሁ» የሚል ቃል ይቀበላል። አንድ ልጅ ሦስት ዙር ቢነዳና አጎቱ በዙር 100 ብር ቢል፣ 300 ብር ገባ ማለት ነው። አጎት ደግሞ የሌለው የለም።

ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ አይቷል። አንዲት እናታችን ቤት ገብተን ቀና ስንል፣ በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። የምስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወራጁን ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል። ጭቃው ይርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ከሥር ደግሞ ምስጥ አለ። ከውጭ ላየው ቤቱ ደህና ነው፤ በእጅ ሲነኩት ግን ምርጊቱ ይረግፋል። እማማ ቡና እያፈሉ «እኔ ምን አለብኝ፣ አልጋዬን ወዲህ ሳብ አደርጋለሁ» አሉን። አልጋው ከእንግዲህ የሚሳብበት ቦታ የለም።

ቀኑን የሚወስንልን ጭቃው ነው። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት መክረም አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ሰኔ ከገባ ማን ያደርቀዋል? ስለዚህ ጉዞው ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሁድ ይሁን። ጾሙ አልፏል፣ ጉልበት አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ብንነሳ ቅዳሴ የሚቀርበት ሰው አይኖርም፤ ፀሐይዋም በረድ ትላለች።

መነሻችን ጊዮርጊስ ነው። በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን እንመለሳለን። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለሳይክል የተለየ መስመርም ተሠርቶለታል። ቤዛዊት ኮረብታ እንውጣ ያላችሁ ጎረምሶች አላችሁ። አይሆንም። እኔን ያሳሰበኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ጫማችሁን የኋላ ጎማ ላይ እያሻችሁ ነው የምታቆሙት። በዋዜማው ቅዳሜ የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኞች ፍሬንና ጎማ ይፈትሹልናል። ያላለፈ አይነዳም፣ የሊቀመንበሩ ልጅም ቢሆን። ለትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ ቀይ መስቀልን ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ እንጠይቃለን።

አሁን ሰው ወደሚያኮርፍበት ነገር ልምጣ። ቲሸርት አይኖርም። ባነርም አንድ ብቻ፣ እሱም ከጨርቅ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያገለግል። ለእርዳታ ተብሎ ተሰብስቦ፣ ግማሹ ለቲሸርት፣ ለድምፅ ማጉያና ለክብር እንግዳ ምሳ ሲያልቅ አይተናል። ሰዉ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ ጣራው ማፍሰሱን ይቀጥላል። ቲሸርት ካላየ አልመጣም የሚል ካለ ይቅር፤ ብዙም አይጎዳንም። ውሃና ሙዝ ግን እናዘጋጃለን፣ ልጆች ስለሚነዱ።

ጥሬ ብር በነጂው ኪስ አይገባም። ሁሉም ወደ እድሩ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ በደረሰኝ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይወጣል። የሚጠገኑት ቤቶች ዝርዝር ከጉዞው በፊት እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ብሩ ከገባ በኋላ «የማን ቤት ይቅደም» ከጀመርን መጣላታችን ነው። የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ቀድመን እንጨርስ፤ ቆርቆሮ ገዝተን ወረቀት ስንጠብቅ ዝናቡ እንዳይቀድመን።

አሜሪካ ውስጥ ባይክ ኤንድ ቢልድ የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ወጣቶቹ አገር አቋርጠው እየነዱ ለቤት መሥሪያ ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር፤ መንገድ ላይም ሳይክላቸውን አቁመው ቤት ሲሠራ ያግዙ ነበር። ይህን ወድጄዋለሁ። የእኛም ነጂ ከጉዞው በኋላ አንድ ቅዳሜ ጭቃ ይርገጥ። ደቦ ለእኛ አዲስ አይደለም። መንዳት የማትችሉ አባቶች ምርጊት ታውቃላችሁ፤ ልጆቹ ግን አያውቁም፣ እንድታሳዩዋቸው እንፈልጋለን። እናቶችን ስለ ጠላና ቆሎ አላስቸግርም፣ ራሳችሁ እንደምታስቡበት አውቃለሁ።

የነጂዎች መዝገብ በሩ አጠገብ ጸሐፊያችን ጋ ነው። ዕድሜው ከ14 በታች የሆነ ከወላጁ ጋር ይመዝገብ። ድንጋይና አፈር የሚያመላልስልን አይሱዙ ገና አላገኘንም፤ ያለው ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ ስብሰባው እንዳለቀ ያናግረኝ። ነዳጁን እኛ እንችላለን። አመሰግናለሁ።