ሦስት ተማሪ፣ አንድ ኪቦርድ፦ ለፕሮግራሚንግ ውድድር እንዴት እንለማመድ?

ጤና ይስጥልን። በዓለም አቀፉ የኮሌጆች የፕሮግራሚንግ ውድድር፣ በተለምዶ አጠራሩ በአይሲፒሲ፣ አንድ ቡድን ሦስት ተማሪዎች አሉት፤ ለሦስቱ የሚሰጣቸው ኮምፒውተር ግን አንድ ብቻ ነው፣ ጊዜውም 5 ሰዓት። ብዙ ቡድኖች እያንዳንዳቸው በየላፕቶፓቸው ጥያቄ ሲፈቱ ይከርሙና፣ በውድድሩ ዕለት አንዱ ኪቦርዱን ሲይዝ ሁለቱ የሚሠሩት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ለልምምድ ስትቀመጡ ሁለቱን ላፕቶፖች ዝጉ።

ጥያቄ ማግኘት አያስቸግርም። ኮድፎርስስ በተባለው የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ ላይ ያለፉ ውድድሮችን ሰዓት አስይዞ እንደገና መወዳደር ይቻላል።

[በስክሪኑ ላይ፦ 47 + 20 + 20 = 87]

ደረጃ የሚወጣው አስቀድሞ በተፈቱ ጥያቄዎች ብዛት ነው፤ ብዛቱ እኩል ከሆነ ጠቅላላ ጊዜው ያነሰው ቡድን ይቀድማል። አንድ ጥያቄ ሲፈታ፣ ከዚያ በፊት ለተላከ ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ኮድ 20 ደቂቃ ይጨመርበታል። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በ47ኛው ደቂቃ ለፈታ ቡድን 87 ደቂቃ ይያዝበታል፤ በ80ኛው ደቂቃ በመጀመሪያ ሙከራው የተሳካለት ቡድን ይበልጠዋል ማለት ነው። «ልከን እንየው» የሚለውን ልማድ ገና በልምምድ ላይ ሳለን መተው አለብን የምለው ለዚህ ነው።

ከመላካችሁ በፊት ሌላ አባል የጥያቄውን ገደብ ጮክ ብሎ ያንብብ። 100,000 ቁጥሮች ተሰጥተው እያንዳንዱ እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርስ ከሆነ ድምሩ 100 ትሪሊዮን ሊሆን ይችላል፤ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ሙሉ ቁጥር የሚይዘው) ደግሞ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። በእነዚሁ ቁጥሮች ላይ ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ ትእዛዝ) ውስጥ ሌላ ሉፕ የጻፈ ሰውም 10 ቢሊዮን ዙር ስለሚጠብቀው፣ በጥቂት ሴኮንዶች የጊዜ ገደብ ውስጥ አይጨርስም።

ኮዱ ስህተት ነው ተብሎ ከተመለሰ አትማችሁ ከወንበሩ ተነሱ። ጸሐፊው በወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ ይዞ ስህተቱን ሲፈልግ፣ አስቦ የጨረሰው ጓደኛው ይቀመጥ። ይህ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ሰው ስህተቱን ሊያገኘው የተቃረበ እየመሰለው ኪቦርዱን መልቀቅ አይወድም።

ኪቦርዱን ማን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደያዘ በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ። በማግስቱ ያልተፈቱትን ጥያቄዎች ለመሥራት ስትሰበሰቡ ያንን ወረቀት አውጡና፣ ምንም ሳይጻፍ ኪቦርዱ የተያዘባቸውን ደቂቃዎች ደምሩ።